ላፕቶፑ ቦርዱን አላነብ ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አርዱኢኖም ይሁን ኢኤስፒ32 (ኮድ ተጽፎላቸው መብራት፣ ሞተር ወይም ሴንሰር የሚያዝዙ ትናንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶች ናቸው)፣ ቦርድን በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ሲወራ ቀላል ነው። ሲሞከር ግን ብዙ ጀማሪ ገና አንድ መስመር ኮድ ሳይጽፍ እዚያው ይቆማል። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢትም ሆነ መሐል ሜዳ ጥያቄው ያው ነው። ቦርዱ በአብዛኛው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ ወይ ሰው ይዞት ይመጣል፣ ወይ በመኪና ይላካል። "ተበላሽቷል" ብሎ መመለስ ከደብረ ብርሃን እንኳ 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ ሲሆን ደግሞ አስቡት። ስለዚህ ከመመለሳችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በቦርዱና በላፕቶፑ መካከል ባለው ነገር ላይ ነው። ቦርዱን መጨረሻ ላይ ጠርጥሩት።

ቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፣ ላፕቶፑ ግን አያነበውም። ተቃጥሏል ማለት ነው?

አይደለም። መጀመሪያ ኬብሉን ጠርጥሩ። የተለመደው የዩኤስቢ ኬብል ውስጥ አራት ሽቦ አለ። ሁለቱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፣ ሁለቱ ዳታ። ብዙ ርካሽ የቻርጀር ኬብሎች ግን የዳታዎቹ ሽቦዎች ጭራሽ የሏቸውም። ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ስለሚበቁ ማንም ልብ አይላቸውም። ቦርዱ ላይ ስትሰኩት መብራቱ ቦግ ይላል፣ ኤሌክትሪኩ ደርሶታልና። ላፕቶፑ ግን የተሰካበት ነገር መኖሩን እንኳ አላወቀም።

መፈተኛው ቀላል ነው። በዚያው ኬብል ስልካችሁን ከላፕቶፑ ጋር አገናኙ። ፋይል ለማስተላለፍ የሚል ምርጫ ከመጣ ኬብሉ ደህና ነው። ቻርጅ ብቻ ካደረገ ለቦርድ አይሆንም።

ጫፉ ከስልክ ጋር ካልገጠመስ? አርዱኢኖ ኡኖ የሚፈልገው ያንን ባለ አራት ማዕዘን ወፍራም ጫፍ ነው፤ የፕሪንተር ኬብል ማለት ነው። ይህ ደስ ይላል፣ ምክንያቱም የፕሪንተር ኬብል ዳታ ካላስተላለፈ ለምንም አይጠቅምም። ኮፒ ቤት ወይም ቢሮ ያለው ሰው ለአፍታ ያውሳችኋል። የድሮው አርዱኢኖ ናኖ ሚኒ ዩኤስቢ ነው፤ የድሮ ዲጂታል ካሜራ ኬብል ይገጥመዋል። ኢኤስፒ32 ማይክሮ ነው፣ አዳዲሶቹ ደግሞ ታይፕ ሲ።

ታይፕ ሲ ላይ አንድ የተደበቀ ጣጣ አለ። በሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ የሆነ ኬብል ኤሌክትሪክ የሚለቀው ቦርዱ ላይ ሁለት ባለ 5.1 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ሲኖሩ ነው። አንዳንድ ርካሽ ቦርዶች ላይ አምራቹ እነዚህን ሬዚስተሮች ይቆጥባቸዋል። ያኔ መብራት እንኳ አይበራም፤ ባለቤቱም ቦርዱ ሞቷል ብሎ ያለቅሳል። በአንድ ጫፉ የተለመደው ሰፊ ዩኤስቢ፣ በሌላው ታይፕ ሲ የሆነ ኬብል ተጠቀሙ፤ ወዲያው ይነሳል።

ሱቅ ስትገቡ "ዳታ ኬብል" በሉ፣ እዚያው ሞክሩት። ዘፈንና ፊልም የሚጭኑ ሞባይል ቤቶች ኮምፒውተር አያጡም። ዴስክቶፕ ከሆነ የምትጠቀሙት ደግሞ ከፊት ያለውን የዩኤስቢ ቀዳዳ ተዉትና ከኋላ ሰኩ። የፊቶቹ ብዙ ጊዜ የላሉ ናቸው።

ኬብሉን ቀየርኩ። አሁን ስሰካው ላፕቶፑ ድምፅ ያሰማል፣ ግን ፖርት አይታየኝም።

አሁን ጉዳዩ ድራይቨር ነው፤ ላፕቶፑ የተሰካበትን ዕቃ እንዲያውቅ የሚያደርግ ትንሽ ፕሮግራም ማለት ነው። ቦርዱ ላይ ከዋናው ቺፕ ሌላ፣ በዩኤስቢና በዋናው ቺፕ መካከል የሚያስተረጉም ትንሽ ቺፕ አለ። ዊንዶውስ ያንን አስተርጓሚ ካላወቀው ፖርት፣ ማለትም ከቦርዱ ጋር የሚያወራበትን በር፣ አይከፍትም። የተሰኩ ዕቃዎችን የሚዘረዝረውን የዊንዶውስ መስኮት፣ ዲቫይስ ማኔጀርን፣ ክፈቱ። ቢጫ ሦስት ማዕዘን ያለበት ስሙ ያልታወቀ ዕቃ ካያችሁ፣ እሱ ነው።

አስተርጓሚው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቦርዱን አገላብጡ። ከዩኤስቢው መሰኪያ አጠገብ ያለውን ቺፕ በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ አንብቡ። ጽሑፉ በዓይን አይነበብም፣ በካሜራ ግን ይወጣል። እኛ ጋ የሚመጡት ቅጂ (ከአርዱኢኖ ንድፍ ሌላ አምራች ቀድቶ የሠራቸው) ኡኖዎችና ናኖዎች ላይ በአብዛኛው ሲኤች340 ነው፤ ናንጂንግ፣ ቻይና ያለ ኩባንያ የሚሠራው ቺፕ ነው። ኢኤስፒ32 ላይ ሲፒ2102 ወይም የሲኤች ቤተሰብ የሆነ ሌላ ቺፕ ታገኛላችሁ። ሲፒ2102 ትንሽ ካሬ ናት፣ ወደ ውጭ የወጣ እግር የላትም። ኦሪጅናሉ ኡኖ አር3 ላይ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ኤቲሜጋ16ዩ2 ነው፤ ዊንዶውስ 10 ሳይጠይቅ ያውቀዋል።

ድራይቨሩን ከቺፑ አምራች ገጽ አውርዱ። ትንሽ ፋይል ስለሆነ በስልክ ዳታ አውርዶ ወደ ላፕቶፕ ማሻገር ይቻላል። "ድራይቨሮችህን ሁሉ በነፃ አዘምናለሁ" የሚሉ ፕሮግራሞችን ግን አታስገቡ። የሚያመጡት ቫይረስና ማስታወቂያ ነው።

አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። ዊንዶውስ ራሱን ካዘመነ በኋላ ትናንት ሲሠራ የነበረ ሲኤች340 ቦርድ ድንገት ኮድ አልቀበል ሊል ይችላል። ፖርቱ ይታያል፣ ኮዱ ግን አይገባም። አዳዲሶቹ የድራይቨር ስሪቶች ከአንዳንድ የቺፑ ቅጂዎች ጋር አይስማሙም። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብታችሁ ድራይቨሩን ወደ ቀድሞው ስሪት መልሱት።

ብዙ ፖርት ተዘርዝሯል። የኔ የትኛው ነው?

ዝርዝሩን አይታችሁ ኬብሉን ንቀሉ። የጠፋው የእናንተ ነው። ኮም 1 አብዛኛውን ጊዜ የላፕቶፑ የራሱ ስለሆነ እሱን አትምረጡ።

ኢንተርኔት በጣም ደካማ ነው። ያለ ኔት መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን በየትኛው ቦርድ እንደምትሠሩ ይወስነዋል።

ኡኖ ወይም ናኖ ከሆነ የድሮውን የአርዱኢኖ አይዲኢ (ኮድ የሚጻፍበትና ወደ ቦርዱ የሚጫንበት ፕሮግራም)፣ ማለትም 1.8.19ን፣ አንዴ አስገቡ። ለእነዚህ ቦርዶች የሚያስፈልገው ሁሉ አብሮት ይመጣል። ከዚያ በኋላ ኔት አይጠይቅም። ዊንዶውስ 7 ያለበት ያረጀ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። አዲሱ 2ኛው ትውልድ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ይፈልጋል፣ መጀመሪያ ሲከፈትም የሚያወርደው አለው። ለአሮጌ ማሽን የድሮው ይሻላል፤ ስለማያምር ብቻ አትናቁት።

ኢኤስፒ32 ሌላ ነው። ለእሱ የሚወርደው ጥቅል በመቶ ሜጋባይት የሚቆጠር ነው። ሲወርድ ከተቋረጠም ያበሳጫል። ሁለት መላ አለ። አንዱ የሌሊት ጥቅል ገዝቶ ሌሊት ማውረድ። ሌላው፣ እኔ የምመርጠው፣ ቀድሞ ያወረደ ጓደኛ ፈልጎ በፍላሽ መገልበጥ ነው። ዊንዶውስ ላይ ፋይሎቹ የተጠቃሚው ማኅደር ውስጥ፣ አፕዳታ፣ ከዚያ ሎካል፣ ከዚያ አርዱኢኖ15 በሚባል ፎልደር ይቀመጣሉ። አፕዳታ የተደበቀ ፎልደር ስለሆነ መጀመሪያ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ። አርዱኢኖ15ን እንዳለ ገልብጣችሁ በእናንተ ላፕቶፕ ላይ እዚያው ቦታ አስቀምጡት። ከዚያ አይዲኢውን ስትከፍቱ ኢኤስፒ32 ዝርዝሩ ውስጥ ይመጣል። አንድ ልጅ ካወረደ ክፍሉ ሁሉ ተገላገለ ማለት ነው።

ላይብረሪዎችም፣ ማለትም ሌሎች የጻፏቸው ዝግጁ ኮዶች፣ እንዲሁ ናቸው። ዚፕ ፋይሉን በስልክ አውርዱና "አድ ዚፕ ላይብረሪ" በሚለው አስገቡ።

ፖርቱ ትክክል ነው፤ ኮዱ ሊጫን ሲል ግን ቀይ ጽሑፍ ያወጣል።

ቀዩን ጽሑፍ አንብቡት። ብዙ ሰው አይቶ ይደነግጥና ይዘጋዋል፤ ፍንጩ ያለው ግን እዚያ ነው።

"አክሰስ ዲናይድ" ወይም ፖርቱ ተይዟል የሚል ከሆነ ሌላ ፕሮግራም ፖርቱን ይዞታል። ብዙ ጊዜ ሌላ መስኮት ላይ ክፍት የተተወ ሲሪያል ሞኒተር (ቦርዱ የሚልከውን ጽሑፍ የሚያሳየው የአይዲኢው መስኮት) ነው። ዝጉት።

"ኖት ኢን ሲንክ" የሚል ከሆነና ቦርዱ ቅጂ ናኖ ከሆነ፣ ከፕሮሰሰር ምርጫው ላይ "ኦልድ ቡትሎደር" የሚለውን ምረጡ። ቡትሎደር ቦርዱ ውስጥ ሆኖ አዲስ ኮድ የሚቀበል ትንሽ ፕሮግራም ነው። የድሮው ቡትሎደር የሚያወራው በ57,600 ፍጥነት ነው፣ አዲሱ በ115,200። አንዱ እየተጣደፈ ሲያወራ ሌላው በእርጋታ እንደሚጽፍ ሰው ናቸው፤ አይደማመጡም። ቅጂ ናኖ ይዞ የመጣ ተማሪ ሲያማርር መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው።

ኡኖ ከሆነ ደግሞ ፒን 0 እና ፒን 1 ላይ የሰካችሁት ነገር እንዳለ እዩ። ቦርዱ ከላፕቶፑ ጋር የሚያወራው በእነዚሁ ሁለት ፒኖች ነው። ብሉቱዝ ወይም የሲም ካርድ ሞጁል እዚያ ላይ ከሰካችሁ ኮድ አይገባም። ሞጁሉን ንቀሉ፣ ኮዱን ጫኑ፣ መልሳችሁ ሰኩ።

ኢኤስፒ32 ላይ "ኮኔክቲንግ" ብሎ ነጥብ እየደረደረ ከቆመ፣ ነጥቦቹ ሲጀምሩ ቦርዱ ላይ ያለችውን "ቡት" የምትባል ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ። መጫን ሲጀምር ልቀቋት። ሁሉም ቦርድ ይህን አይጠይቅም፤ አንዳንዱ ግን ያለዚህ አይሠራም።

ራስበሪ ፓይ ፒኮ የያዘ ካለ፣ እሱ ጭራሽ መንገዱ ሌላ ነው። "ቡትሴል" የምትለውን ቁልፍ ይዛችሁ ኬብሉን ስትሰኩ ልክ እንደ ፍላሽ ይከፈታል። ፋይሉን እዚያ ላይ መገልበጥ ብቻ ነው። እውነት ለመናገር ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ የለም።

ሲሪያል ሞኒተር ላይ የሚመጣው ጽሑፍ ዝብርቅርቅ ነው።

ኮዱ ውስጥ የጻፋችሁት ፍጥነትና ሞኒተሩ ላይ የተመረጠው ፍጥነት አይመሳሰሉም። ኮዱ 9,600 ካለ ሞኒተሩም 9,600 ይሁን። ከኢኤስፒ32 በፊት የመጣው ኢኤስፒ8266 ሲነሳ መጀመሪያ የሚያወጣው ዝብርቅርቅ ግን ችግር አይደለም፤ ያ የሚወጣው በ74,880 ፍጥነት ነው። እለፉት።

ኮድ እየተጫነ መብራት ቢጠፋ ቦርዱ ይበላሻል?

አይበላሽም። ይህ ጥያቄ ለምን እንደሚበዛ እኛ አገር ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ኡኖ 32 ኪሎባይት ማስቀመጫ አለው። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ኪሎባይት ለቡትሎደሩ ተለይቶ ተይዟል፤ ኮድ ስትጭኑ እሱ አይነካም። ስለዚህ መብራት ሲመለስ እንደገና ጫኑ፣ አለቀ። ኢኤስፒ32 እና ፒኮ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ማስነሻ ቺፑ ውስጥ ቋሚ ሆኖ የተቀመጠ ነው፤ እናንተ ብትፈልጉም አታጠፉትም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት የማይደረገው "በርን ቡትሎደር" የሚለውን መጫን ነው። እሱን ደግሞ ጀማሪ አያስፈልገውም።

የሚያሰጋው መብራቱ ሲመለስ ነው። ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ሰዎች መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ ንቀሉ፣ ተመልሶ ረጋ ሲል ሰኩ።

ሸዋ ሮቢት ለሽንኩርት ማሳ አውቶማቲክ ውኃ ማጠጫ እየሠራሁ ነው። ፓምፑን ከቦርዱ ጋር ሳገናኝ ላፕቶፑ ቦርዱን ይጥለዋል። ለምን?

ፓምፑን ከላፕቶፑ ስለምታበላው ነው። የተለመደው ዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ የሚሰጠው 5 ቮልትና ቢበዛ 500 ሚሊአምፔር ነው። ትንሿ የመለማመጃ ፓምፕ እንኳ ስትነሳ ለቅጽበት ብዙ ትስባለች። ያኔ ቮልቱ ይወርዳል፣ ቦርዱ ሪሴት ያደርጋል፣ ፖርቱም ይጠፋል። ኦሪጅናል ኡኖ ላይ ከ500 ሚሊአምፔር ሲያልፍ የሚቆርጥና ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ፊውዝ አለ። ርካሽ ቦርዶች ላይ ግን ላይኖር ይችላል። ያኔ የሚጎዳው የላፕቶፑ ቀዳዳ ነው።

የኡኖ አንድ ፒን በደህና የሚሰጠው 20 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። ከዚያ ሞተርም ሆነ የሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) የሽቦ ጥቅል በቀጥታ አይነሳም። የተለመደው ባለ 5 ቮልት ሪሌይ ጥቅል ብቻውን ወደ 70 ሚሊአምፔር ይስባል። ስለዚህ ትራንዚስተሩና ዳዮዱ አብሮት የተሠራ የሪሌይ ሞጁል ግዙ። ፓምፑ የራሱ ባትሪ ወይም አዳፕተር ይኑረው። ፓምፑን በትራንዚስተር ወይም በሞተር ድራይቨር የምታነሱት ከሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭና የቦርዱን "ጂኤንዲ" (የቦርዱ ኔጌቲቭ ማለት ነው) አገናኙ። ይህን መርሳት የተለመደ ነው፤ ሲረሳም ነገሩ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል።

ትልቁ የማሳ ፓምፕ 220 ቮልት ከሆነ ግን ቆም በሉ። ከሪሌዩ ወዲያ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው። እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ፣ ላፕቶፕ ጭን ላይ አድርጎ፣ 220 ቮልት መሞከር ቀልድ አይደለም። መጀመሪያ በፓምፑ ፈንታ ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል አድርጋችሁ ኮዱን አረጋግጡ።

ኢኤስፒ32 ከሆነ የያዛችሁት ሌላም ምልክት ይኖራል። ዋይፋዩ ሲበራ ቦርዱ በቅጽበት ብዙ መቶ ሚሊአምፔር ይጠይቃል። ኬብሉ ረጅምና ቀጭን ከሆነ ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሲሪያል ሞኒተሩ ላይም "ብራውንአውት" የሚል ቃል ይመጣል። አጭርና ወፈር ያለ ኬብል ቀይሩ። ፒኖቹም 3.3 ቮልት ናቸው፤ ባለ 5 ቮልት ሴንሰር በቀጥታ አትሰኩባቸው።

ላፕቶፑ ከተነቀለ በኋላ ማሳ ላይ በፓወር ባንክ ልታሠሩት ከሆነ፣ ብዙ ፓወር ባንክ የሚሳበው ኤሌክትሪክ ትንሽ ሲሆን "ስልኩ ሞልቷል" ብሎ ራሱን ያጠፋል። ባዶ ኡኖ ደግሞ 50 ሚሊአምፔር ገደማ ብቻ ነው የሚስበው። ቦርዱ ከደቂቃ በኋላ ዝም ካለ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

የደብረ ብርሃን ብርድ ቦርዱን ይጎዳዋል?

ብርዱ ራሱ አይጎዳውም፤ ከሰው ይልቅ ቦርድ ይችለዋል። የሚጎዳው ጤዛው ነው። ውርጭ በበዛበት የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ያደረ ቦርድ ምድጃ ወደሚነድበት ወይም ቡና ወደሚፈላበት ክፍል ስታስገቡት እርጥበት ላዩ ላይ ይቋጥራል። ከመሰካታችሁ በፊት ትንሽ ይቆይ፣ ይድረቅ።

ሌላው የበጋው ደረቅ አየርና ሱፍ ነው። ብርድ ልብስ ተከናንቦ አልጋ ላይ መሥራት እዚህ የተለመደ ነው፤ ብርድ ልብሱ ደግሞ የከተማችን ፋብሪካ ሥራ ነው። ነገር ግን ሱፍና ናይለን ሲፋተጉ የሚፈጠረው ብልጭታ ቺፕ ሊገድል ይችላል። ቦርዱን ከመንካታችሁ በፊት የመስኮት ብረት ወይም የውኃ ቧንቧ ንኩ፤ ሥራውንም እንጨት ጠረጴዛ ላይ ሥሩ። ብረት ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ወረቀት አንጥፉበት፤ ከቦርዱ ሆድ ያሉት የብየዳ ጫፎች ሾርት ያደርጋሉ።

ላፕቶፕ የለኝም። በስልክ ይሆናል?

አንድሮይድ ከሆነ ይሆናል። ኦቲጂ የምትባለዋን ትንሽ መቀየሪያ ግዙ፤ ሞባይል ቤት ታገኟታላችሁ። አርዱኢኖድሮይድ የሚባለው መተግበሪያ ስልኩ ላይ ኮድ ያጽፋል፣ በኬብል ወደ ቦርዱ ይጭናል። ስልኩ ዩኤስቢ ኦቲጂ መደገፉን መጀመሪያ በፍላሽ ፈትኑ፤ ፍላሽ ካነበበ ጥሩ ነው። ለኡኖና ለናኖ በቂ ነው። በትንሽ ስክሪን ረጅም ኮድ መጻፍ ዓይን ያደክማል እንጂ ለመማር ምንም አይልም። ቦርዱ የሚበላው ከስልኩ ባትሪ ስለሆነ ሞተር አትሰኩበት።

ሊኑክስ ላይ ፖርቱ ይታያል፣ ፈቃድ የለህም ይላል።

ተጠቃሚውን "ዲያልአውት" በሚባለው ግሩፕ ውስጥ ጨምሩ፣ ከዚያ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ሲኤች340 ያለው ቦርድ ብቅ ብሎ ወዲያው ከጠፋ ደግሞ ጠላፊው "ቢአርኤል-ቲቲዋይ" የሚባል፣ የዓይነ ስውራን ብሬል መሣሪያ የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው። ብሬል የማትጠቀሙ ከሆነ አስወግዱት።

ኦሪጅናል ልግዛ ወይስ ቅጂ?

ለመማር ቅጂ ይበቃል። አርዱኢኖ እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን፣ ኢቭሪያ ውስጥ ሲጀመር ንድፉ ክፍት ሆኖ ነው የወጣው፤ ማንም ሊሠራው ይችላል። ስሙንና ምልክቱን አስመስሎ መለጠፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኦሪጅናል ነው ተብሎ በኦሪጅናል ዋጋ የሚሸጥ ቦርድ ላይ ሲኤች340 ካያችሁ ዋጋውን ተከራከሩ። በተረፈው ገንዘብ ጥሩ ኬብል ግዙ፤ የሚያዋጣው እሱ ነው።

ስጨርስ ኬብሉን ዝም ብዬ መንቀል እችላለሁ?

አዎ። ኮድ እየተጫነ እስካልሆነ ድረስ እንደ ፍላሽ "ኢጀክት" ማለት አያስፈልግም። ሲሪያል ሞኒተሩን ግን አስቀድማችሁ ዝጉ፤ አለዚያ በሚቀጥለው ስትሰኩት ፖርቱ ተይዟል ሊላችሁ ይችላል። ስትነቅሉም ኬብሉን ሳይሆን ጫፉን ያዙ። የማይክሮ ዩኤስቢ መሰኪያ ከቦርዱ ላይ ተነቅሎ ከመጣ መልሶ መበየድ ለሞባይል ጠጋኝ እንኳ አድካሚ ሥራ ነው።